ገመዱን ማን ይፈታዋል?

በዚህ አገር ዛፍ የሚመጣው በመኪና ነው። እናንተም አይታችሁታል። ክሬን ያለው የጭነት መኪና መንገድ ዳር ይቆማል፤ ቁመቱ ከግቢ አጥር የሚበልጥ ዛፍ ሥሩ ከነአፈሩ በጆንያ ተጠቅልሎ ይወርዳል፤ ጉድጓድ ይገባል፤ በሦስት እንጨት ተወጥሮ ይታሰራል፤ ሰዎቹም መኪናቸው ላይ ወጥተው ይሄዳሉ። ትናንት አሸዋ ብቻ የነበረበት ቦታ፣ ዛሬ ቆሻሻ ልትጥሉ ስትወጡ ጥላ ይዞ ይጠብቃችኋል።

እኛ አገር ዛፍ የሚመጣው በእጅ ነው። ወደ ሻርጃ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ዓመት ባቲ አካባቢ ችግኝ ጣቢያ ሠርቻለሁ፣ በሴፍቲኔት። አፈር ነፍተን፣ ፍግ ቀላቅለን ጥቁር ላስቲክ ውስጥ እንሞላለን፤ ዘሩን እንዘራለን፤ ከላዩ የሣር ዳስ እንሠራለታለን። ክረምት ሲቃረብ ዳሱን ቀስ በቀስ እናነሳለን፣ ውሃውንም እንቀንስበታለን፣ ውጭ የሚጠብቀውን ፀሐይ ይልመድ ብለን። ሐምሌ ላይ በሸክም ወደ ተራራው ይወጣል። ላስቲኩ ተቀዶ ይጣልና ስንዝር የምታክል ችግኝ መሬት ትገባለች። እሷ የሚያስፈልጋት ደጋፊ እንጨት ሳይሆን አጥር ነው፤ ፍየል እንዳይበላት እሾህ እንከምርባታለን። ነፋስ ቢመጣ ምን ያደርጋታል? ከትንሽነቷ ጀምራ እየተወዛወዘች፣ ሥሯን እየሰደደች፣ ለራሷ የሚበቃትን ግንድ እያበጀች ታድጋለች።

በመኪና የሚመጣው ዛፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ላዩ የትልቅ ዛፍ ነው፣ ታቹ የልጅ። ከነበረበት ሲነቀል አብዛኛው ሥሩ ተቆርጦ እዚያው መሬት ውስጥ ቀርቷል፤ ይዞት የመጣው ጆንያው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ቅርንጫፉና ቅጠሉ ግን አሉ። ነፋስ ሲመጣ ያ ሁሉ ቅጠል ይገፋል፣ ታች ያለችው የአፈር ድቡልቡል ደግሞ ጉድጓዷ ውስጥ ትናወጣለች። ያን ጊዜ ከድቡልቡሏ ወደ አዲሱ አፈር መውጣት የጀመረች፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሥር ትበጠሳለች። ነገ ሌላ ታወጣለች፤ እሷም ትበጠሳለች። ዛፉ ውሃ እየጠጣ ይደርቃል ማለት ይሄ ነው። እንጨቱና ገመዱ የሚታሰሩት ለዚህ ነው፤ ሥሩ አዲሱን አፈር እስኪይዝ ድረስ ታቹ ጸጥ እንዲል።

እስኪይዝ ድረስ። ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህችን ነው።

የምሠራበት ቤት ግቢውን ያስተካከለው ከሁለት ዓመት በፊት በኅዳር ነው። እዚህ ተከላ የሚሆነው ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። የማማ ትልቁ ልጅ አንድ የአትክልት ድርጅት አመጣ። (አሠሪዬን ማማ ነው የምላት፤ ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጣል።) በሁለት ቀን ውስጥ ሣሩ ተነጠፈ፣ የውሃው ቱቦ ተቀበረ፣ ስድስት ዛፍ ተተከለ፤ ሦስት ሲድር፣ ሁለት ኒም፣ አንድ ጋፍ።

ጋፍ የዚህ አገር ብሔራዊ ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. 2019 የመቻቻል ዓመት ሲባል ምልክቱ እሱ ነበር፣ በየሕንፃውና በየማስታወቂያው አይተነዋል። የደነገጥኩት ግን ሲድሩን ሳየው ነው። ቅጠሉን ቀጥፌ አየሁት፣ ሦስት ጅማት አለው። ቅርንጫፉን ነካሁት፣ እሾህ አለው። ይሄማ ገባ ነው! ልጆች ሆነን ከዛፉ ሥር እየለቀምን የምንበላው፣ ሌላው ቁርቁራ የሚለው፣ የኛው ገባ። እዚህ ፍሬውን ነበቅ ይሉታል። ከጎረቤት የምትሠራውን የሐይቅ ልጅ በአጥሩ ጠርቼ ቅጠሉን ሰጠኋት። አሸተተችውና "አየሽ፣ እሱም መጣ" አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ሠራተኞቹ ሲያስሩ ቆሜ አይቻለሁ። ለእያንዳንዱ ዛፍ ሦስት ረጃጅም እንጨት። ማሰሪያው ሽቦ ነው፤ ግንዱን በሚነካበት በኩል የውሃ ጎማ ቁራጭ አልብሰውታል። የታሰረው ከፍ ብሎ፣ ከቅርንጫፎቹ ሥር ነው። ሽቦውን በፒንሳ እየጠመዘዙ አጠበቁት፣ ዛፉ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ አለ። ማማ ደስ አላት። ያምር ነበር፣ አልዋሽም። አለቃቸው አንድ ዓመት ኃላፊነቱ የኛ ነው፣ የደረቀ ካለ እንተካለን ብሎ ወረቀት ሰጠና ሄዱ።

ከአጥሩ ማዶ ያለውን ግቢ የሚንከባከብ አንድ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ አለ። ከፑንጃብ ነው የመጣው፤ ሠፈሩ ሁሉ ቻቻ ይለዋል፣ በእነሱ ቋንቋ አጎት ማለት ነው። የእኔ ዐረብኛ የኩሽና ዐረብኛ ነው፣ የእሱ ደግሞ የሠራተኛ ካምፕ፤ ግን እንግባባለን። በሳምንቱ በአጥሩ ላይ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ሀዋ ይጂ፣ ፎቅ ላዚም ይምሺ፣ ተሐት ማፊ ይምሺ" አለኝ። ነፋስ ሲመጣ ላዩ መሄድ አለበት፣ ታቹ ግን አይሂድ ማለቱ ነው። እነዚህ ግን የታሰረው ላያቸው ነው አለ።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ላሰጣ ስወጣ እየጠበቅኩ እጠይቀው ጀመር። ችግኝ ጣቢያ ከለመድኩት ጋር አገናኝቼው ነገሩ ቶሎ ገባኝ፤ ለእናንተም እንዲገባችሁ እንደገባኝ ልንገራችሁ።

ዛፍ የሚጠነክረው ሲወዛወዝ ነው። ነፋስ ገፋ ባደረገው ቁጥር ግንዱ ከታች እየወፈረ፣ ሥሩም እየበረታ ይሄዳል። ከላይ ተወጥሮ የታሰረ ዛፍ ግን ይሄ ሥራ የለበትም። ወደ ላይ ብቻ ይረዝማል፤ ግንዱ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ቅጥነት ይኖረዋል። ስለዚህ ማሰሪያው ዝቅ ማለት አለበት፣ ብዙውን ጊዜ የዛፉ ቁመት ሲሶ ይበቃዋል። ግንዱ በጣም ቀጭን ከሆነና ከዚያ በላይ ከጎበጠ፣ በእጅሽ ከታች ወደ ላይ እየያዝሽ ትሞክሪያለሽ፤ ቀና ብሎ መቆም የቻለበት የመጀመሪያው ቦታ ላይ ይታሰራል፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

ማሰሪያው ሰፊና ለስላሳ ይሁን። እንደ መቀነት እንጂ እንደ ሲባጎ አይሁን። እናቶቻችን መቀነት ሲታጠቁ ወገባቸውን ይደግፋል እንጂ አይቆርጣቸውም፣ ስፋት ስላለው ነው። ቻቻ የሚጠቀመው የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ነው፤ ይለጠጣል፣ ዋጋም የለውም። በግንዱና በእንጨቱ መካከል እንደ ስምንት ቁጥር አጠላልፎ ያስረዋል፤ እንዲህ ሲሆን ግንዱ ከእንጨቱ ጋር አይፋተግም። እንጨቱም የሥሩን ድቡልቡል ወግቶ አይገባም፣ ከሱ ወጣ ብሎ ነው የሚተከለው። የተረፈውን ሥር በእንጨት ከወጋንለት ምኑን ረዳነው?

"ሽቦውን ጎማ አልብሰውት የለ እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። ጎማው ልጣጩን ከመቧጨር ያድነዋል። ከመታነቅ ግን አያድነውም፤ ግንዱ ሲወፍር ሽቦው አብሮ አይሰፋም።

ደግሞ ውሃው አለ። እዚህ ቤት ውሃ የሚከፈተው በሰዓት ነው፤ ለሣሩ ተብሎ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይረጫል። ለሣር ይሆናል። ለዛፍ ግን በየቀኑ ላይ ላዩን የሚረጭ ውሃ ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል። ታች ውሃ ከሌለ ምን ሊያደርግ ይወርዳል? ሥሩ ላይ ላዩን የቀረ ዛፍ ደግሞ ነፋስ ሲመጣ ከነሥሩ ይገለበጣል። የሚሻለው አንድ ጊዜ ጠለቅ ብሎ እስኪገባ ማጠጣትና ከዚያ ፋታ መስጠት ነው። አዲስ የተተከለውን መጀመሪያ ድቡልቡሉ ላይ ታጠጪዋለሽ፣ ሥሩ ያለው እዚያ ብቻ ነዋ። ወራት ሲያልፉ ውሃውን ከግንዱ እያራቅሽ ትሄጃለሽ፣ ሥሩ ይከተለዋል። እኛ ግቢ የጠብታው ቱቦ ግንዱ ሥር ተጠግቶ ተቀብሮ እዚያው ቀርቶ ነበር። ነጭ ነገር አፈሩ ላይ ከታየ ጨው ነው፤ ለዚያም መድኃኒቱ ጠለቅ ያለ ውሃ ነው፣ ጨውን ከሥሩ በታች አጥቦ ይወስደዋል።

በነገራችን ላይ የአትክልት ሥራ ኮንትራቴ ላይ የለም። የማናችንም ላይ የለም። ይህን የምጽፈው አንዷ እህቴ አንብባው ነገ በአርባ አምስት ዲግሪ ሙቀት ዛፍ ልታጠጣ እንድትወጣ አይደለም። እኔ ግን ሆሹን በየማለዳው የምጠርገው እኔ ነኝ፣ ዓይኔ ያያል። "አንቺ ሸጋላ ነሽ፣ ስለ ዛፍ ምን ታውቂያለሽ?" የሚል አይጠፋም፤ የማማ ልጅ ብሎኛል። ስንቶቻችን ነን ከእርሻ የመጣነው? በየኩሽናው ተዘግቶ የሚውለውን እውቀት የሚጠይቅ የለም እንጂ።

የመጀመሪያው በጋ ሲገባ አንዱ ሲድር ቅጠሉን አራገፈ። ድርጅቱ ጋ ተደወለ፤ አንድ ተቆጣጣሪ መጣ፣ ፎቶ አነሳ፣ የውሃውን ሰዓት ጨመረና ሄደ። እኔ ሽቦውን በጣቴ አሳየሁት። "ኸሊ" አለኝ፣ ተዪው ማለት ነው። ማማም እንዳልነካው ነገረችኝ። በእሷ በኩል ትክክል ናት፤ እጃችንን ካስገባን ድርጅቱ ሰበብ ያገኛል፣ አልተካም ይላል። ስለዚህ ዓመቱ እስኪያልቅ ማንም አልነካውም። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ የድርጅቱ ኃላፊነት አበቃ፣ ማንም አልመጣም። አያችሁ? ባለ ኃላፊነቱ እያለ አይነካም ይባላል፤ ባለ ኃላፊነቱ ሲሄድ የሚነካ የለም። ሽቦው ግን እዚያው ነው።

የካቲት ላይ፣ በተተከሉ በአሥራ አምስተኛው ወር፣ ስጠርግ ቀና ብዬ ከበሩ አጠገብ ያለውን ኒም አየሁት። ከሽቦው በላይ ግንዱ አብጧል፣ ከሽቦው በታች ቀጭን ነው። ጎማው ግማሹ በልጣጭ ተውጧል። ሌሎቹንም ዞሬ አየሁ፤ ልዩነቱ የትኛው በጣም ታነቀ የሚለው ብቻ ነው። ቅጠል ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በልጣጩ ውስጠኛ ክፍል ነው። እዚያ ላይ ሲታነቅ ምግቡ ከላይ ይከማቻል፣ ለዚህ ነው የሚያብጠው። ሥሩ ታች ይራባል። ዛፉ ላዩ ለምለም ሆኖ ሳለ ሥሩ ያልቅበታል፤ ሰው ስለማያይ "አማረበት" ይላል።

ለማማ እንዴት ልንገራት? ፎቶ አንስቼ አሳየኋት። "ዛፉ ደህና ነው፣ አረንጓዴ ነው" አለችኝ። ከዚያ የትንሿ ልጇ ቀለበት ትዝ አለኝ። ልጅቱ ያረገዘች ጊዜ እጇ አብጦ የጋብቻ ቀለበቷ አልወጣ ብሎ፣ ጣቷ ጠቁሮ፣ በሳሙናም በዘይትም ሞክረን እምቢ ሲል ወርቅ ቤት ወስደው አስቆረጡት። ማማ ያን ቀን አልቅሳለች። "ማማ፣ የልጅሽ ቀለበት ትዝ ይልሻል? ይሄ እሱ ነው" አልኳት። ፎቶውን እንደገና ወሰደችና በሁለት ጣቷ አጎላችው። አልተናገረችም። ማታ ላይ ጎረቤቷን አስፈቅዳ ቻቻን ለዓርብ ጠራችው።

ግን ስድስቱንም አልፈቀደችም። በጓሮ ያሉትን ሦስቱን፣ ሁለት ሲድርና አንድ ኒም፣ ሞክሩ አለች። በፊት ለፊት ያሉትን፣ ማለትም እንግዳ የሚያያቸውን ኒም፣ ሲድርና ጋፍ፣ ልጇ ድርጅቱን እስኪያነጋግር ተዉአቸው አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ "ከወደቀ ግን አንቺ ነሽ" አለችኝ።

ይህቺን ቃል ታውቋታላችሁ። የተሰበረ ብርጭቆ፣ በካውያ የተቃጠለ አባያ፣ የጠፋ የጆሮ ጌጥ፤ "አንቺ ነሽ" ከተባለ ከደሞዝ ነው። የአንድ ዛፍ ዋጋ ደግሞ ስንት እንደሆነ አላውቅም፣ ለመጠየቅም ፈራሁ። ማታ የሐይቋ ልጅ "ምን አገባሽ? አርፈሽ ተቀመጪ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ያ ገባ እዚያ ታንቆ እያየሁ በየጠዋቱ ሥሩን መጥረግ አልቻልኩም።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ቻቻ ፒንሳውን ይዞ መጣ። መጀመሪያ ያደረገው ግንዱን በእጁ ገፋ እያደረገ ታች አፈሩን ማየት ነው። ግንዱ ሲገፋ ሥሩ አጠገብ ያለው አፈር ከተሰነጠቀ ወይም ከተነሳ፣ ገና አልያዘም። አፈሩ ጸጥ ብሎ ላዩ ብቻ ከተወዛወዘ ይዟል፣ እንጨቱ ሥራውን ጨርሷል። ሁለቱ ሲድሮች ይዘው ነበር። ምናልባት ከዓመት በፊት ይዘው ይሆናል፤ አብዛኛው ዛፍ ከአንድ ዓመት በላይ መታሰር አያስፈልገውም።

ሽቦውን ሲቆርጥ ድምፅ አለው፣ እንደ ክራር ጅማት ጭው ይላል። በአንደኛው ሲድር ላይ ሽቦው በአንድ በኩል ልጣጩ ውስጥ ገብቶ ነበር። እኔ ልስበው እጄን ስዘረጋ "ላ፣ ላ" ብሎ ከለከለኝ። ዛፉ የዋጠውን ስበሽ ካወጣሽ ከበፊቱ የባሰ ታቆስይዋለሽ አለኝ። የወጣውን ጫፍ ቆርጦ የተዋጠውን እዚያው ተወው። ግማሽ ዙር ብቻ ስለሆነ ከጎኑ አልፎ ይድናል አለ።

ኒሙ ግን ሲፈታ ጎበጠ። ከላይ ተወጥሮ ስለኖረ ራሱን መሸከም አልለመደም። ልቤ ቀጥ አለ፣ "አንቺ ነሽ" የሚለው ጆሮዬ ውስጥ ነው። ቻቻ ግን አልደነገጠም። ረጃጅሞቹን እንጨቶች አውጥቶ ሁለት አጭር እንጨት ከድቡልቡሉ ውጭ ተከለ፣ ቅድም ካልኩት ቦታ፣ ቀና ብሎ ከሚቆምበት ዝቅተኛው ቦታ ላይ በጎማ ላስቲክ አላልቶ አሰረው። ከአናቱ የበዛውን ቅርንጫፍ ትንሽ ቀነሰለት። በየወሩ ማሰሪያውን ትንሽ ዝቅ እናደርጋለን፣ በመስከረም ኸላስ አለ።

ሌላም ነገር ሠራን። አፈር እስከ ግንዱ አንገት ተከምሮ ነበር፤ ገለጥነው። ግንድ መሬት ሲነካ ሰፋ ማለት አለበት፣ ሥሩ የሚጀምርበት ቦታ መታየት አለበት። ያ ቦታ ከተቀበረ ልጣጩ ይበሰብሳል። ዙሪያውንም ሣሩን አንስተን ክብ አደረግንለት፣ ደረቅ ቅጠል አለበስነው፣ ግንዱን ሳያስነካ። ይህ ለጌጥ አይደለም። የሣር ማጨጃ ማሽኑ ክር ግንዱን በየሳምንቱ እየገረፈው ነበር። ልጣጭ ዙሪያውን ከተገረፈ ሽቦ ከማነቁ ጋር አንድ ነው።

ማማ ለቻቻ ሃምሳ ድርሃምና ምሳ ሰጠችው።

ሰኔ ላይ ሸማል መጣ። የሰሜን ምዕራቡ ነፋስ ነው፤ አቧራውን ይዞ ሲመጣ ታውቁታላችሁ፣ በማግስቱ መስኮቱ ሁሉ የኛ ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም። ክፍሌ በጓሮ በኩል ስለሆነ ዛፎቹ ሲንኳኩ ይሰማኛል። ከወደቀ አንቺ ነሽ። ከለሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ነገር ሲሰበር ሰማሁ፤ ከየት በኩል እንደሆነ ግን አልለየሁትም። እስኪነጋ ጠብቄ ወጣሁ።

የጓሮዎቹ ሦስቱም ቆመዋል። ኒሙ ሳይቀር። ቅጠል አራግፈዋል፣ አቧራ ለብሰዋል፣ ግን ቆመዋል። በፊት ለፊት በኩል የበሩ ኒም ከሽቦው ላይ ተቆርጦ ላዩ በሙሉ መሬት ላይ ተኝቷል። ታቹ ከሦስት እንጨቱ ጋር እንደታሰረ ቆሟል። ሽቦው አልተበጠሰም። ስብራቱን ስመለከት ሽቦው ዙሪያውን እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ነፋሱ የሰበረው ከሽቦው የተረፈውን ቀጭን እንጨት ነው።

ማማ ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። እኔ አፌን አልከፈትኩም፤ በመጥረጊያው እጀታ ስብራቱን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችው፣ ሽቦውን በጣቷ ነካችው። "ሀዳ ኻተም" አለች። ይሄ ቀለበት ነው። ከደሞዜ ምንም አልተነሳም፣ ወሬውም አልተነሳም።

የድርጅቱ ሰው ተጠርቶ መጣ። ነፋስ የአላህ ሥራ ነው፣ ወረቀቱም ጊዜው አልፏል አለ። የማማ ልጅ ተከራከረው። እኔ ሻይ አቅርቤ ገባሁ። ሰውየው እንደወጣ ማማ ቻቻን አስጠራችው፣ "ኩሉ" አለችው፣ ሁሉንም ፍታው።

ይህን ሁሉ ለታናሽ እህቴ በኢሞ ስነግራት ሳቀች። እሷ አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የተተከሉ ዛፎችንና አበቦችን ከሚንከባከቡት ሴቶች አንዷ ናት። ዛሬ እኛም አገር ዛፍ በመኪና መምጣት ጀምሯል፤ ፎቶ ላከችልኝ፣ እንጨቱም ገመዱም አለ። በ2011 ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እዚህ ሆኜ ስልኬ ላይ እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ችግኝ ጣቢያ የሠራ ሰው ግን መጠየቁ አይቀርም፤ ስንቱ ጸደቀ? ተከላ አንድ ቀን ነው፣ ካሜራም ይመጣል። ገመድ ለመፍታት የሚመጣ ካሜራ የለም። እህቴን "ገመዱን የሚፈታው ማን ነው? መቼ ነው?" ብዬ ጠየቅኳት። ሥራቸው ማጠጣትና መኮትኮት እንደሆነ፣ ስለ ገመዱ ግን ማንም ምንም እንዳላላቸው ነገረችኝ። "የተተከለበትን ወር ጻፊው፣ በየሁለት ወሩ ትንሿን ጣትሽን በገመዱና በግንዱ መካከል አስገቢ፣ ካልገባች ለአለቃሽ በፎቶ አሳዪ" አልኳት። በማግስቱ የትንሿን ጣቷን ፎቶ ላከችልኝ። ገብታለች።

ከመካከላችን አገር ቤት ቤት እየሠራች ያለች አለች፣ ግቢዋ ውስጥ አቮካዶና ማንጎ ያስተከለች አለች፣ ብር ልካ ወንድሟን "ደግፈህ እሰረው" ያለች አለች። የሚፈታበትንም ቀን አብራችሁ ንገሩት። ለተካዩ ገንዘቡን ስትከፍሉ ገመዱን መፍታትም በውሉ ይግባ፤ የመጨረሻዋን ክፍያ ለዚያ ቀን ብታቆዩአት ደግሞ ይበልጥ ያስታውሳል።

ሲድሮቹ ዘንድሮ አበቡ። ትንንሽ፣ አረንጓዴ ቢጫ አበባ ነው፣ ንብ ይወርበታል። የሐይቋ ልጅ ፍሬው ሲደርስ ግማሹ የእሷ እንደሆነ ከአሁኑ ነግራኛለች፤ አርፈሽ ተቀመጪ ያለችኝ እሷ!

ጋፉ ግን ገና ነው። ሽቦው ተቆርጦለት በሰፊ ላስቲክ ዝቅ ብሎ ታስሯል። ትናንት ማለዳ ገፋ አድርጌ አየሁት፤ ሥሩ አጠገብ አፈሩ አሁንም በትንሹ ይሰነጠቃል። ቻቻ ኢጃዛ ሄዷል፤ በመስከረም ሲመለስ እንደገና እንገፋዋለን።